ሐሙስ ሐሙስ የሚለሰልሰው መንገድ

ባለፈው ወር ሰቆጣ ፀጉሬን ልስተካከል ገብቼ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ፣ ከዓይኔ በፊት ወገቤ አወቀው። ከአከርካሪዬ በስተግራ፣ ጣት በምታህል ቦታ ላይ አንድ ጠንካራ ነገር ወጋኝ። ሃያ ዓመት ያህል ያልጎበኘኝ ሕመም ነው። ብድግ ብዬ ዞሬ አየሁት። ቆዳው ተሰነጣጥቆ በጥቁር ፕላስተር ተለጣጥፏል፤ በስንጥቁ መካከል ግን ያ ቀይ የስፌት ክር ይታያል። ከሥሩ ብረት ተበይዶለት የሚሽከረከር የፀጉር ቤት ወንበር ሆኗል።

«ምነው መምህር፣ አልተመችዎትም?» አለ አስተካካዩ። «የአውሮፕላን ወንበር እኮ ነው። እንደዚያ ብለው ነው የሸጡልኝ።»

«ምቹ ነው» ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ዋሸሁ። ወንበሩ የአውሮፕላን አልነበረም፤ የእኔ መኪና ወንበር ነው። በሕይወቴ እጅግ የደነገጥኩበትን ጠዋት ያደረሰብኝም እሱ ነው።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ። በዘጠናዎቹ አጋማሽ አምደወርቅ ላይ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ጠመኔዬን በየቀለሙ ለይቼ በሳጥን አስቀምጣለሁ፤ የሳምንቱን ትምህርት እሑድ ማታ ጽፌ እጨርሳለሁ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማስረዳት እወዳለሁ። ምሳ ለምበላባት ወይዘሮ እንኳን፣ በደጋ አገር ባቄላ ለምን ቶሎ እንደማይበስል ስለ አየር ግፊት አንስቼ አስረድቻታለሁ። እስክጨርስ አዳምጣኝ፣ «እሱስ እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ነው» አለችኝ።

አባታችን ሰቆጣ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረው። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ጅዳ ብዙ ዓመት ሠርቶ፣ «ጠቅልዬ ገባሁ» ብሎ ሲመጣ አንዲት ቀይ መኪና ይዞ መጣ። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፤ ከኋላ ለአንድ ሻንጣ የምትበቃ ጉርጓድ። ከመሬት ያላት ከፍታ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። ገና ከተማ ስትገባ፣ ጎማዋ የተነፈሰ መስሏቸው ፓምፕ ይዘው የሮጡ ነበሩ። በሁለተኛው ቀን ስም ወጣላት፤ «ተንፏቃቂዋ» ተባለች።

ሰይድ ስምንት ወር ያህል ቆይቶ አገሩን አልቻለውም። ተመልሶ ሊሄድ ሲል ቁልፏን እጄ ላይ አስቀመጠና፣ «አንተ ልጅ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነህ፤ በእግርህ አትዙር» አለኝ።

እኔም ከዚያ በኋላ አርብ አርብ ከትምህርት መልስ ከአምደወርቅ ወደ ሰቆጣ፣ እሑድ ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ በእሷ እመላለስ ጀመር። አመላለሱ ግን መንዳት አይባልም። ጉልበቴ ደረቴን ይነካል፤ ጭንቅላቴ ጣሪያውን ይመታል፤ አቧራው በወለሉ በኩል ገብቶ ቅንድቤን ያነጣዋል። ድንጋይ ባገኘች ቁጥር ሆዷ ሲፋቅ ጥርሴን ያመኛል። ያ ወንበር ደግሞ፣ ልክ እንደ ጎኑ ወንበር፣ ከውስጡ አንድ ብረት ተጣሞ ወገቤን ይነድለዋል። ሰቆጣ ስደርስ እናቴ በእጄ ጎትታ ታወጣኝና ማርና ትኩስ ዳቦ ታቀርብልኛለች፤ እኔም እንደ ሽማግሌ ተደግፌ እበላለሁ።

ታዲያ ለምን ያዝኳት? ያን ጊዜ ይህንኑ ራሴን ጠይቄ ደብተር ላይ ሁለት ዓምድ አሰመርኩ። «ትቅር» በሚለው ሥር አሥራ አንድ ምክንያት ጻፍኩ። «ትቆይ» በሚለው ሥር የመጣልኝ አንድ ብቻ ነበር፤ ስታልፍ ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ ያያል። ይህን ለመጻፍ አፈርኩና «ጊዜ ይቆጥባል» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ በጥር ወር አንድ አርብ መጣ። አምደወርቅን ለቅቄ ትልቁን አቀበት ስወጣ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ደረስኩባቸው። ቃሬዛው ላይ ያለችው ታደለች ትባላለች፤ ከሁለት ቀን ጀምሮ በምጥ ላይ ናት። ወደ ሰቆጣ ሆስፒታል እየወሰዷት ነው። ወጣት ባሏ ምስጋናው ከፊት በስተቀኝ ተሸክሟል።

«አስገቧት!» አልኩ ከመኪናዋ እየተንፏቀቅሁ ወጥቼ።

አጣጥፈው አስገቧት። ሌላ ቃል የለውም፤ አጣጠፏት። ለባሏ ቦታ አልነበረም፤ አቧራው እስኪሰውረው ከኋላ ሲሮጥ በመስታወት አየሁት። በየድንጋዩ ታደለች ስትጮኽ፣ እኔ ምጥ ሲመጣ እንዴት መተንፈስ እንደሚገባት አስረዳታለሁ። ሳይመሽ ሆስፒታል ደረስን። ሌሊቱን ሴት ልጅ ወለደች፤ እናትም ልጅም ደህና። በማግሥቱ ደብተሬን አወጣሁና «ትቆይ» በሚለው ሥር በትልቁ «የሰው ሕይወት ታድናለች» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ከዚያ ወዲህ አንድ የሚገርም ነገር ማስተዋል ጀመርኩ። መንገዱ በየሳምንቱ እየለሰለሰ ሄደ። አርብ ስወጣ ባለፈው እሑድ ሆዷን የፋቃት ድንጋይ የለም። ጎድጎድ ያለው ቦታ በጠጠር ተሞልቷል። ይህ ለአንድ የጂኦግራፊ መምህር ግሩም አጋጣሚ ነው። ስምንተኛ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ አቀበቱን ሣልኩ፤ የቀኑ ሙቀትና የሌሊቱ ብርድ ድንጋይን እንዴት እንደሚሰነጣጥቅ፣ ነፋስ ስብርባሪውን እንዴት እንደሚጠርግ፣ በሦስት ቀለም ጠመኔ አስረዳሁ። «ምሳሌውን ሩቅ አትፈልጉ» አልኳቸው፤ «የገዛ መንገዳችን ነው!» ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ። አንዳቸውም አልጠየቁም። በሚገባ ስላስረዳሁ ነው ብዬ ተደሰትኩ።

አንድ ቀን ምስጋናውን ገበያ ላይ አገኘሁት። የግራ እጁ አውራ ጣት በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ሥራ ላይ ነው መምህር። ድንጋይ መታኝ።»

«ድንጋይ ስታነሳ ጣትህን ከሥር አታስገባ» ብዬ አነሣሡን ጎንበስ ብዬ አሳየሁት። በትዕግሥት አየኝና አመሰገነኝ።

ሰኔ ሲገባ ሰቆጣ ሳለሁ ሰይድ ከጅዳ ደወለ። ደሴ ገዢ አግኝቷል፤ ሰውየው ቅዳሜ ሰቆጣ ይመጣል። «ትይዛታለህ ወይስ ትሸጥ? እስከ ቅዳሜ ቁርጡን ንገረኝ» አለ። ደብተሬን ገለጥኩ፤ ሁለት ጊዜ የተሰመረበትን አየሁ። እይዛታለሁ ብዬ ወሰንኩ። የፈተና እርማት ስለጨረስኩ አርብን ሳልጠብቅ ሐሙስ ጠዋት ተነሣሁ፤ ሰቆጣ ቴሌ ገብቼ «አትሸጥም» ልለው።

በዋዜማው ሌሊት የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጥሎ ነበር። እዚያ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። አፈሩ ስስ ነው፤ እርጥበቱን የሚይዘው ለአንድ ለሁለት ቀን ነው። በዚያ ጠዋት በሬ ያለው ሁሉ ጎህ ሲቀድ እርሻው ላይ ነው። እኔ ግን በመስኮት ቁልቁል ስመለከት ማሳው ሁሉ ጥቁር፣ ርጥብ፣ ባዶ ነበር። አንድም ጥማድ የለም። ምን መጥቶባቸው ይሆን እያልኩ ነዳሁ።

ጠመዝማዛውን ስዞር አየኋቸው።

ሃያ የሚሆኑ ሰዎች አቀበቱን ሞልተውታል። ጎርፍ ሌሊት ያወረደውን ድንጋይ ወንዶቹ በእጃቸው እየፈነቀሉ ዳር ያወጣሉ፤ ሴቶቹ በቅርጫት ጠጠር ያመጣሉ። በመንገዱ ዳር ትልልቁ ወደ ውጭ፣ ትንንሹ ወደ ውስጥ ሆኖ ጉልበት የሚደርስ ድርድር ተደርድሯል። ምስጋናው በዚያ በተጠቀለለ ጣቱ አንድ ጥቁር ድንጋይ ታቅፏል። ታደለች ልጇን አዝላ ቅርጫት ተሸክማለች።

ሞተሩን አጠፋሁ። በሩን ከፍቼ እየተንፏቀቅሁ ወጣሁ። ሰዎቹም እኔን ሲያዩ በመጥፎ ሥራ ላይ የተያዙ ይመስል ቆሙ። በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ፣ አንድ ነገር ተባባሉና ወደ አያ ደሱ ዞሩ። አያ ደሱ የምስጋናው አባት ናቸው፤ ፀጉራቸው የነጣ፣ ቀጭን ሽማግሌ።

«ዛሬ ሐሙስ አይደለም እንዴ?» አሉኝ ቅር ብሏቸው። «አንተ የምታልፈው አርብ ነው።»

«አያ ደሱ፣ ምን እየሠራችሁ ነው?»

«ወንፈል።»

«የማን ወንፈል?»

«ያንተ ነዋ!»

ያልገባኝ መሆኑን አይተው፣ በዚያ ጠዋት አስረጂው እሳቸው ሆኑ። ወንፈል ዛሬ ለእኔ ሠርተህ ነገ እኔ ለአንተ የምሠራበት ነው። «አራት ሰው እየተፈራረቀ ውሎ አድሮ የሚሸከመውን አንተ ብቻህን ተሸክመህ አደረስክልን። ታዲያ አንተ የምናርስልህ መሬት የለህ፤ የምናጭድልህ ገብስ የለህ። የት እንመልሰው? ተመካከርን። የመምህር እርሻ መንገዱ ነው አልን። ሐሙስን ላንተ ቆረጥን።»

«ከጥር ጀምሮ?»

«ከጥር ጀምሮ። ደግሞ ያች መኪናህ እስካለች ድረስ እንጠርጋለን፤ ድንጋይ ሲፍቃት ቆመን አናይም።»

«ዛሬ ግን ዘንቧል!» ጮኽኩ። «እርሻችሁስ? እርጥበቱ ሊያልፍ ነው!»

«ሐሙስ ነዋ» አሉ አያ ደሱ፣ ለሰነፍ ተማሪ እንደሚነገር ረጋ ብለው። «ለወንፈል የተቆረጠ ቀን በዝናብ ይፈርሳል እንዴ?»

ከእነሱ በታች ባዶውን ማሳ አየሁ። የስምንተኛ ክፍል ሰሌዳ ታየኝ፤ ሙቀቱ፣ ብርዱ፣ ነፋሱ፣ ሦስቱ ቀለም። ፊቴ እንደ መኪናዋ ቀላ። ገበያ ላይ ጎንበስ ብዬ ድንጋይ አነሣሥ ያስተማርኩትን ሰው ማየት አቃተኝ።

«ተዉት» አልኩ። «እባካችሁ ወደ እርሻችሁ ሂዱ። መኪናዋን እሸጣታለሁ።»

«በእኛ የተነሣ?» አያ ደሱ ተቆጡ። «ውለታ የዋለችልን መኪና በእኛ የተነሣ አትሄድም! ጥረጉ!»

ሁሉም ጎንበስ አሉ። በዚህ ጊዜ ታደለች ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠች።

«መምህር፣ እውነቱን ልንገርዎ?»

«ንገሪኝ።»

«አይቀየሙኝ። ያን ቀን ያስጮኸኝ ምጡ አልነበረም።» ወደ መኪናዋ በአገጯ አመለከተች። «ያ ወንበርዎ ነው። ከጀርባዬ የሆነ ብረት ገብቶ... ቃሬዛው ላይ እኮ ቢያንስ ተጋድሜ ነበር። ደግሞ እርስዎ ተንፍሺ ተንፍሺ ሲሉኝ፣ በጉልበቴ ደረቴን ዘግተውት በምን ልተንፍስ?»

ምስጋናው ሚስቱን አፍጥጦ አያት። ከዚያ ከሴቶቹ አንዷ ፍርፍር ብላ ሳቀች፤ ቀጥሎ ሁሉም፤ በመጨረሻ አያ ደሱ ራሳቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ። እኔ ግን አልሳቅሁም። አምስት ወር ሙሉ ሁለት ጊዜ ያሰመርኩበት መስመር ከደብተሬ ላይ ሲፋቅ ይሰማኝ ነበር። ፈጥና ሆስፒታል መድረሷ እውነት ነው። ግን እዚያ ወንበር ላይ ምን እንደደረሰባት አንድም ቀን አልጠየቅኋትም፤ የሚወጋኝን ቦታ እያወቅሁት።

«እንዲህስ ከሆነች ትሂድ» አሉ አያ ደሱ ሳቃቸው ሲበርድ። «ልጆች፣ በሬዎቹን!»

ምስጋናው ታቅፎት የነበረውን ድንጋይ ድርድሩ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠና ቁልቁለቱን ሮጠ። ጀምበር ገና አልከረረችም ነበር። ከዚያ ከቆምኩበት አልተነሣሁም፤ የመጀመሪያው ጥማድ ማሳው ላይ ወጥቶ የጅራፍ ድምፅ እስኪሰማ ቆየሁ።

ሰቆጣ ገብቼ ሰይድን በስልክ «ሽጣት» አልኩት።

«መንገዱ ነው ያስቸገረህ?»

«ወንበሩ ነው ጋሼ» አልኩት።

ገዢው ግን ሩቅ አልወሰዳትም። ከሰቆጣ እንደወጣ ማርሿ ተሰብሮ ተጎትታ ተመለሰች፤ አንድ ጋራዥ ውስጥ ቆማ ዕቃ በዕቃ አለቀች። ወንበሩ እንዴት አውሮፕላን እንደተሳፈረ አላውቅም።

እኔ ከዚያ ክረምት በኋላ ቃሬዛ ሲነሣ ተራ ከሚገቡት አንዱ ሆንኩ። አጭር ስለሆንኩ በእኔ በኩል ያዘነብላል እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ካርድ በሚሰጥበት ቀን ስምንተኛ ክፍል ፊት ቆሜ ስህተቴን አረምኩ። «መንገዱን ያለሰለሰው ነፋስ አይደለም። አባቶቻችሁና እናቶቻችሁ ናቸው» አልኩ።

«እናውቃለን መምህር» አለች ከፊት የተቀመጠች ልጅ።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። «እያስረዱን ነበር» አለች።

ፀጉሬን ተስተካክዬ ያን ዕለት በሚኒባስ ወደ አምደወርቅ ተጓዝኩ። ወገቤን እያሻሸሁ ነው። አቀበቱን ስንወጣ በመስኮት አየሁት፤ ድርድሩ አሁንም አለ፤ ሣር በቅሎበታል፣ አንዳንድ ቦታም ፈርሷል። ከፊቴ የተቀመጠች አዲስ የተመደበች ወጣት መምህርት ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ለጓደኛዋ ትናገራለች። «አየሽ፣ ጎርፍ ነው ድንጋዩን እንዲህ በመስመር ደርድሮ የሚያስቀምጠው» ትላለች። ድምፅዋ የሚያምር፣ እርግጠኛ ነው።

ዝም ልል ነበር። ነገር ግን ጎርፍ ትልልቁን ወደ ውጭ፣ ትንንሹን ወደ ውስጥ አያደርግም።

«ልጄ» አልኳት ወደፊት ተጠግቼ፤ «እሱን የደረደሩት ሰዎች ስም አላቸው። ብትፈቅጂልኝ አንድ በአንድ ልንገርሽ።»

ደብተሯን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች።