ስንተኛው ውስጥ ገባህ?

ከባሕር ዳር የወጣሁት እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቡድናችን እየተጫወተ ሳለ ነው። ስንብት ሲባል ዘመድ ተሰብስቦ፣ ተለቅሶ፣ ተመርቆ መሆኑን አውቃለሁ፤ የእኔ ግን እንዲያ አልሆነም። አውሮፕላኑ የሚነሣው አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጨዋታው የሚጀምረው ዘጠኝ ሰዓት ነበር። አሰልጣኛችን ጋሽ ሞላ ሰዓቱን አስልቶ፣ "የመጀመሪያውን አርባ አምስት ተጫወትና ሂድ፤ ባጃጅ አቆምልሃለሁ" አለኝ። ያኔ የምንጫወተው ከፕሪሚየር ሊጉ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ባለው በከፍተኛ ሊግ ነው፤ እኔ የግራ ተከላካይ ነበርሁ። እረፍት ላይ እግሬን በቧንቧ ውኃ አለቅልቄ፣ ጫማዬን በፌስታል ጠቅልዬ ባጃጁ ውስጥ ገባሁ። ገና ከዋናው መንገድ ሳንደርስ ሜዳው በአንድ ድምፅ ጮኸ። ጎል ነው፤ የማን እንደሆነ ግን ባለባጃጁም አላወቀም።

አዲስ አበባ ደርሼ ስደውል ነው የሰማሁት። ያገባው እኔን ቀይሮ የገባው ታናሽ ወንድሜ ይሁኔ ነው። እኔ በዚያ ቦታ ስድስት ዓመት ተጫውቼ አንድም ጎል አላገባሁም። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ቆጨኝ። ሁለቱም እውነት ነው።

ስዊድን የወሰደኝ ኳስ ሳይሆን ትዳር ነው። ባለቤቴ ትርንጎ ከእኔ ቀድማ ሄዳ እዚያ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ኤርፖርቱ ላይ ወረቀቴን የሚያገላብጠው ሰውዬ ሥራህ ምንድን ነው ሲለኝ ኳስ ተጫዋች ነኝ አልሁት። ቀና ብሎ አየኝ።

"ለየትኛው ክለብ መጣህ?"

"ለሚስቴ።"

አልሳቀም። ቀጥሎ ያለችው ሴትዮ ሻንጣዬን አስከፈተችኝ። በርበሬውንና ሽሮውን አሽትታ አለፈችው። ፌስታሉን ፈትታ ጫማዬን ስታይ ግን ፊቷ ተለወጠ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"የኳስ ጫማ።"

"ጫማውን አይደለም። ሥሩ ላይ ያለው።"

"አፈር ነው።"

"አፈር ወደዚህ አገር ማስገባት አይፈቀድም።"

መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ እጅ መታጠቢያው ላይ፣ ከጫማው ጥርሶች መካከል የባሕር ዳርን ሜዳ በጥርስ ብሩሼ ፈልፍዬ አወጣሁት። ውኃው ቀልቶ ወረደ። ሴትዮዋ ጫማውን ገልብጣ አይታ "ታክ" አለችኝ፤ በነሱ ቋንቋ አመሰግናለሁ ማለት ነው። የተማርሁት የመጀመሪያው ቃል ይኸው ነው።

የምንኖርባት ከተማ ትንሽ ናት፤ ሐይቅ አላት። ሐይቅ እንዳላት ትርንጎ ስትነግረኝ ግማሽ ልቤ አርፎ ነበር። ዘንባባ አልጠበቅሁም፤ የዓሣ ሽታና የጀልባ ድምፅ ግን ጠብቄ ነበር። ኅዳር ላይ ሐይቁ እንዳለ በረዶ ሆነና ሰው ከነውሻው ይሄድበት ጀመር። ጣና ላይ እንዲያ በእግሩ የሄደ ሰው ቢኖር ኖሮ ገድል ይጻፍለት፣ በዓመትም ይነገሥለት ነበር። እዚህ ሱቅ ደርሰው የሚመለሱ ሽማግሌዎች ናቸው የሚሄዱበት።

በሦስተኛው ወር የከተማዋ ቡድን ተቀበለኝ። ቡድኑ ያለው አራተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ነው። ስሙ አራተኛ ይሁን እንጂ ስድስተኛ ነው፤ ላይኛዎቹ ሁለቱ የራሳቸው ስም ስላላቸው ቁጥሩ የሚጀምረው ከሦስተኛው ነው። ይህን ለመረዳት ለእኔም ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። በዚያ ሰሞን አባቴ ደወሉ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዘጌ ካሉት አድባራት በአንዱ ቅኔ ያስተምራሉ። ኳስ የሚያውቁት ልጆቻቸው ልብስ ቀደው ሲመጡ ነው።

"ገባህ አሉኝ" አሉ።

"ገባሁ፣ አባየ።"

"ስንተኛው ውስጥ ገባህ?"

"አራተኛ።"

ድምፃቸው ተለውጦ፣ "ተመስገን። ሳትውል ሳታድር አራተኛው ቤት" አሉ።

የቆሎ ተማሪ ለሆነ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። አንደኛው ንባብ ቤት ነው፤ ሁለተኛው ዜማ ቤት፤ ሦስተኛው ቅኔ ቤት። አራተኛው መጻሕፍት ቤት ነው፤ ጢም ካላወጡና ዓመታት ካላሳለፉ አይደረስበትም። አባቴ ራሳቸው የሦስተኛው መምህር ናቸው፤ አራተኛውን ሳይጨርሱ ትዳር ያዛቸው። እኔ ደግሞ በሦስት ወር ገባሁት። በሚቀጥለው ስደውል አስተካክላለሁ ብዬ ተውሁት። በሚቀጥለው ስደውል እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናኑ ነግረው፣ አስጨብጭበው፣ ጸበል ጻዲቅ ቀምሰው ጨርሰዋል። ውሸት አልተናገርሁም። ዝም አልሁ እንጂ፤ ዝም ባልሁ ቁጥር ግን ነገሩ እየከበደ ሄደ።

ይሁኔ ኳስ ስለሚያውቅ ቁጥሩን አልተሳሳተም። የእሱ ስሕተት ሌላ ነው፤ ማዕበል በሚሰማበት ሻይ ቤት ተቀምጦ የእንግሊዝና የስፔን ሊግ የቱ ይበልጣል ሲል የሚውለው ከተሜ ሁሉ የሚሳሳተው ስሕተት ነው። የአውሮፓ መጨረሻ ከእኛ መጀመሪያ ይበልጣል ብሎ ያምናል። እኔም ፎቶ እልክለታለሁ፤ አረንጓዴ ሜዳ፣ አራት ምሰሶ መብራት፣ ስሜ የተጻፈበት ማልያ። ፎቶው ላይ የሌለው ሰው ነው። ተመልካቾቻችን በጥሩ ቀን አርባ ይሞላሉ፤ ከነውሾቻቸው። በር ላይ የአጥቂያችን እናት ኮርቭ የሚሉትን ቋሊማ በዳቦ ትሸጣለች፤ እሷም ጨዋታውን ጀርባዋን ሰጥታ ነው።

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም እንጂ ሁለቱን ሊጎች ለማወዳደር ከእኔ የተሻለ ምስክር የለም። ሜዳቸው ኮንስትግሬስ ይባላል፤ የፕላስቲክ ሣር ነው፤ ኳስ በላዩ ላይ እንደታዘዘች ትሄዳለች። የእኛ ሜዳ ኳሷን ድንገት ያነጥራታል፤ ስለዚህ እስክትደርስ ድረስ ሁለት ሐሳብ ይዘን እንጠብቃታለን፤ እነሱ አንድ። ሩጫ ላይ ይበልጡናል፤ ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ እንደ መጀመሪያው ናቸው። ኳስ ይዞ ማለፍ ላይ ግን ምንም የላቸውም። አንድ ቀን አንዱን የተጋጣሚ ተጫዋች፣ ሥራው ፖስታ ማደል ነው፣ ኳሷን በእግሮቹ መካከል አሳልፌበት ሄድሁ። ባሕር ዳር ቢሆን ሜዳው በሳቅ ይፈርሳል፤ እሱም በሚቀጥለው ኳስ ቁርጭምጭሚቴን ይለኛል። ፖስታ አዳዩ ዞሮ "ብራ" አለኝ፤ ጎበዝ ማለቱ ነው። አሰልጣኛችንም ለሁሉም ነገር "ብራ" ነው የሚለው። ኳስ ብትወጣ ብራ፣ ጎል ቢገባብን ብራ። የጋሽ ሞላ ቁጣ ይናፍቀኛል፤ የሚቆጣ ሰው ከአንተ የሚጠብቀው ነገር አለ።

የእኛ ጨዋታ ወደ ሌላ ቀን የሚተላለፈው መንገድ ሲዘጋ ነበር። እዚህ በረዶ ሲጥል ይተላለፋል፤ ልምምድ ደግሞ በምንም ሊቀር ይችላል። ግብ ጠባቂያችን የጥርስ ሐኪም ነው፤ የክለቡ ሊቀመንበርም እሱ ነው። በመስከረም ሁለት ሳምንት ጠፋ፤ ታመመ ወይ ብዬ ስጠይቅ እንጉዳይ ሊለቅም ጫካ ገብቷል አሉኝ። ዕዳው የወደቀው እኔ ላይ ነው፤ በማግሥቱ ያለ ግብ ጠባቂ ስንለማመድ ግቡ ላይ እኔ ቆምሁ።

እውነቱን ቁልጭ አድርጎ የነገረኝ ግን አከራያችን ሌናርት ነው። በክለቡ ደንብ ማልያ የሚያጥበው ተጫዋቹ በየተራ ነው። ባሕር ዳር እማሆይ ጥሩ የሚባሉ ሴት ያጥቡልን ነበር፤ ለቆሻሻችንም ስም ያወጡለታል። ተራዬ ሲደርስ አሥራ አምስቱን አጥቤ በረንዳ ላይ አሰጣሁ። ሌናርት በሩን አንኳኳ።

"እዚህ ቤት ስንት ሰው ነው የሚኖረው?"

"ሁለት። እኔና ባለቤቴ።"

"አሥራ አምስት ልብስ ቆጥሬአለሁ።"

"የኳስ ቡድን ነው።"

"ቡድኑ እዚህ ነው የሚኖረው?"

"ማልያው ብቻ።"

አንዱን ማልያ አገላብጦ ዓርማውን ሲያይ ፊቱ ፈካ። "አራተኛ ዲቪዚዮን። እኔም ለዚህ ቡድን አሥር ዓመት ተጫውቻለሁ። ጎበዝ አልነበርሁም" አለ። ከዚያ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ "ማንም ጎበዝ አልነበረም። ደስ ይል ነበር" ብሎ ወረደ። ያን ዕለት ራት አልበላሁም። ትርንጎ ነገሩን ሰምታ፣ "ለአባየ መቼ ነው የምትነግራቸው?" አለችኝ። እነግራቸዋለሁ አልኋት።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ሞላ ደወለ። ሰላምታ እንኳ አላስጨረሰኝም።

"ወንድምህን ምከረው። ከደቡብ አንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ሊያስፈርመው መጥቷል። እስከ ሰኞ ጠዋት ነው የሚጠብቁት። እሱ እንቢ አለ።"

"ለምን?"

"ለምን ትለኛለህ? አንተ ዘንድ ሊመጣ ነዋ። መሪጌታም የላይኛው ቤት ተከፍቶልህ ወደ ታች ምን ያወርድሃል ይሉታል። እኔ ሃያ ዓመት አሠልጥኜ እንዲህ ያለ ግራ እግር አላየሁም። ንገረኝ፤ እዚያ ያለው ይበልጣል?"

"አይበልጥም" አልሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ አፌ ላይ የመጣው ያኔ ነው።

"እሱን ለእኔ አትንገረኝ" አለና ዘጋው።

ይሁኔ ቀደም ብሎ የሙከራ ግብዣ ደብዳቤ ጠይቆኝ ነበር። ለጥርስ ሐኪሙ ነግሬው፣ ፊካ በሚሉት የቡና ሰዓት፣ ቡናውን ፉት እያለ፣ በአምስት ደቂቃ ጽፎ ፈርሞ ሰጠኝ። ደብዳቤው በቪዛ በኩል የትም እንደማያደርስ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ይሁኔ ግን እጁ ከገባ ሰኞን ያሳልፋል፤ ዓመቱንም ሲጠብቅ ይከርማል። እኔ ደብዳቤውን ኪሴ ውስጥ ይዤ አራት ቀን ከረምሁ። ልላከው እላለሁ፣ ወንድሜ ይመጣልኛል ብዬ፤ አብሮኝ የሚበላ፣ የሚያሾፍብኝ ሰው ናፍቆኝ ነበርና። ይህን መደበቅ አልችልም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው የደወልሁት። ይሁኔ ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግሮ አባቴ ዘንድ ነበር፤ ወደቡ ላይ ሆነው ድምፁን ከፍ አድርገው ያዙኝ።

"እንደምን ሰነበቱ፣ አባየ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ብርዱስ?"

"ደህና ነው።"

"ወረቀቱን ላክህለት?"

"አልላክሁም። አባየ፣ አራተኛው ላይኛው አይዶለም። እዚህ ቆጠራው ወደ ታች ነው።"

"ወደ ታች እንዴት ይቆጠራል?"

"አንደኛው ይበልጣል። ከእኛ በላይ አምስት አለ።"

"አራተኛ ሆኖ ከበላዩ አምስት?"

"ሁለቱ ቁጥር የላቸውም።"

ይሁኔ ቀጠለ፤ "ቢሆንስ፤ የአውሮፓ አይዶል?"

"ግብ ጠባቂያችን የጥርስ ሐኪም ነው፣ ይሁኔ። እንጉዳይ ለቀማ ብሎ ይቀራል።"

"ከእኛ ከፍተኛ ሊግ ጋር ብታስተያየው?"

"አንተ ያለህበት ይበልጣል። ሊያስፈርሙህ የመጡት ደግሞ ካለህበትም ይበልጣሉ። የባሕር ዳር ተጠባባቂዎች እዚህ ቢመጡ እረፍት ሳይወጡ አራት ያገቡብናል።"

"ሜዳውስ?"

"ሜዳው ያምራል። የሚያምረው ሜዳው ነው።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርኸኝም?"

"አፈርሁ" አልሁት።

ለአባቴ፣ "ጀልባው ሊሄድ ነው፤ እርስዎ ይመርቁኝ፤ ሰኞ ሳይደርስ ሄጄ ልፈርም" ሲል ሰማሁት። አባቴ መረቁት፤ አሜን አለ። እኔም ኩሽና ቆሜ፣ ሳይሰሙኝ፣ አሜን አልሁ። ከዚያ ስልኩ አባቴ እጅ ቀረ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር።

"እኔ ዘንድ የጎንጅን ቅኔ የጨረሰ ልጅ ይመጣል፤ የዋሸራንም የጨረሰ ይመጣል" አሉ። "የቱ ይበልጣል ቢሉኝ አልመልስም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ከላይኛው ቤት ወደ ታችኛው የሚወርድ መምህር ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው አይወርድም። ትሰማኛለህ?"

"እሰማለሁ።"

"ታዲያ አንተ ምን አስተማርሃቸው?"

ማሰብ ጀመርሁ። ፖስታ አዳዩን፣ ጥርስ ሐኪሙን፣ ገመዱ ላይ የተሰጡትን አሥራ አምስት ማልያዎች አሰብሁ። አንድ ነገር ፈለግሁ፤ ትንሽም ብትሆን።

"አንተ" አሉ፣ "አለህ ወይ?"

"አባየ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው፤ አይሰማኝም" አልሁና ዘጋሁት። እስክዘጋው ድረስ በዚያ በኩል የጀልባው ሞተር ሲነሣ፣ ውኃው ድንጋዩን ሲመታ፣ ይሁኔም ከሩቅ ደህና ዋሉ ሲል፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።