እህቴ የቋጠረችው ስም

ታላቅ እህቴን ኡቲያማን «ደግ ሴት ናት» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ሳቄ ይመጣል። ደግ አይደለችም። ማሳዋ የገባ ፍየል ጆሮው ተጠምዝዞ ነው የሚወጣው። ቀበቶ ስትሸምን አጠገቧ ያወራ ሰው ወዮለት። ግን አደርጋለሁ ያለችውን ታደርጋለች። እኔ ይህ የለኝም፤ ስለዚህ ነው የማወራላችሁ።

የልጅ ልጇ ሺታይማ ሦስት ዓመት ሞልቷት መቆም ሲያቅታት፣ ኡቲያማ በየዓመቱ አንድ፣ አምስት ጊዜ ወደ ዊሪኩታ በረሃ እሄዳለሁ ብላ ተሳለች። ሂኩሪ የሚበቅለው እዚያ ነው። እሾህ የሌለው፣ ከአፈሩ እኩል የሚተኛ ትንሽ ቁልቋል ነው፤ የበላው ሰው አማልክቱን ያያል። በሁለተኛው ዓመት ልጅቷ ግድግዳ ይዛ ቆመች። በአራተኛው ዶሮ ማባረር ጀመረች።

«ይኸው ዳነች፤ ከዚህ በኋላ ምን ያደክምሻል?» አልኳት።

«አምስት ብዬ አራት ልስጥ? እኔን አንቺ አደረግሽኝ እንዴ?»

በአምስተኛው ዓመት እኔም አብሬያት ሄድኩ።

ወደዚያ የሚሄድ ሰው ንጹሕ መሆን አለበት። በመጀመሪያው ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አያታችን በምንለው እሳት ፊት እየቆምን አብረናቸው የተኛናቸውን ሰዎች ስም አንድ በአንድ እንጠራለን። መሪያችን ያውሻሊ ለእያንዳንዱ ስም የዘንባባ ገመድ ላይ ይቋጥርና ገመዱን ለእሳቱ ይሰጣል። ባል ይሁን ሚስት፣ ሰምቶ መቆጣት ክልክል ነው። አንድ ሰው ስም ከደበቀ ደግሞ ሂኩሪው ከሁላችንም ይደበቃል።

ሳቁ ለጉድ ነው። አንድ ሽማግሌ ሰባት ስም ጠርተው ሊቀመጡ ሲሉ ሚስታቸው ከኋላ ጮኹ፦

«ያቺ የወንዝ ማዶዋስ?»

«ወይ ጉድ፣ እሷንስ ረስቻት ነበር!»

«እኔ አልረሳኋትም! ቋጥርለት ያውሻሊ!»

ኡቲያማ አንድ ስም ብቻ ጠራች፤ ከሞተ አራት ዓመት የሆነውን ባሏን ሃካን። «ለአንድ ቋጠሮ ይህን ሁሉ ገመድ!» ብለው ሳቁባት። የእኔ ተራ ሲደርስ ሦስት ስም ጠራሁ። አራተኛውን ዋጥኩት። አራተኛው ሃካ ነበር። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት እህቴ ትምባሆ ለቀማ ወደ ባሕር ዳርቻ የወረደች ጊዜ፣ አንድ ቀን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ አብሬያቸው ስስቅ አመሸሁ።

በረሃው ደርሰን ሁለት ቀን በየቁጥቋጦው ሥር ዳከርን። ጉልበታችን ተላጠ፤ ቅርጫታችን ግን ባዶ ነበር። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ያውሻሊ ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠ።

«ያልተቋጠረ ስም አለ» አለ፣ ማንንም ሳያይ። «ውሃችን ለዛሬ ብቻ ነው። ካላገኘን ነገ እንመለሳለን።»

እንመለሳለን ማለት የኡቲያማ ስለት ሳይሞላ ይቀራል ማለት ነው። እህቴ ተነሣች።

«ምናልባት እኔ እሆናለሁ» አለች። «ልጅ ሳለሁ በበዓል ቀን አንድ ልጅ እጄን ይዞኝ ነበር። ያ ይቆጠራል?»

ይህች ደረቅ ሴት፣ ስለ እኔ ጥፋት የራሷን ሕይወት ትበረብራለች!

«ተይ እትዬ፤ እኔ ነኝ» አልኩ።

በዚያ በጠራራ ፀሐይ እሳት ተነደደ። ፊቱ ቆሜ «ሃካ» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ያውሻሊ አዲስ ገመድ እንደያዘ ቀረ። ኡቲያማ ፊቷ አመድ መስሎ ተጠጋች፤ ገመዱን ከእጁ ወስዳ ቋጠረችው፣ በጥርሷም አጠበቀችው። እሳቱ ውስጥ ጣለችውና «ተነሡ፤ ፀሐዩ እየሄደብን ነው» አለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አገኘነው፤ ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር አምስት ራስ። ያውሻሊ አጋዘን እንዳደነ ሰው ፍላጻዎቹን ዙሪያውን ተከለ። ሥሩን አፈር ውስጥ ትቶ ራሱን ብቻ ቆረጠ፣ ተመልሶ እንዲያድግ። ማጉረስ በጎን ላለ ሰው ነው፤ ከጎኔ እሷ ነበረች። ቁራሹን ግንባሬንና ጉንጮቼን አስነክታ አፌ ውስጥ ከተተችው። መራራ ነው፣ ሐሞት ነው።

«አኝኪ» አለችኝ። «እንዳትተፊው።»

ያን ምሽት ያየሁትን አልናገርም። የእሷን ፊት ግን አይቻለሁ፤ መዳፏን ዘርግታ፣ የስለቷን መጨረሻ ለአማልክቱ ስታስረክብ እንደዚያ ያማረ ፊት አይቼ አላውቅም።

አገራችን ከገባንም በኋላ እስከ ዝናቡ በዓል ድረስ ጨው መብላትም መቆጣትም ክልክል ነው። ሦስት ወር ሙሉ ኡቲያማ «እንዴት አደርሽ» ትለኝ ነበር። ኡቲያማ! ከስድቧ ይልቅ ይህ አስፈራኝ። ክልከላው በሚነሣበት ቀን እህት አልባ እንደምሆን እርግጠኛ ነበርኩ።

በዓሉ ባለፈ ማግስት ጧት፣ ባቄላ በሳህን ይዛ መጣች። ተነሥቼ ቆምኩ።

«ገመዱን በአንድ ቀን አቃጠልኩት» አለች። «ሆዴ ውስጥ ያለውን ለማቃጠል ግን ሦስት ወር ፈጀብኝ። ጸጉርሽን ልነጭ ወጥቼ ከመንገድ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። ትናንት አለቀ።»

እንባዬ መጣ።

«አታልቅሺበት፤ ጨው አብዝቼበታለሁ» አለችና ሳህኑን አስያዘችኝ። «ብዪ። እኔም አልበላሁም።»