ያልረጋው ደም

ያን ቀን መካነ ሰላም በታሰርንበት የእህል መጋዘን ሦስት ሴቶች ነበርን። አንዷ እኔ ነኝ፤ የሸሸ ልጅሽን አምጪ ተብዬ የተያዝኩ። ሁለተኛዋ ከከላላ በኩል የመጡ፣ ሶላታቸውን የማያጓድሉ እናት ናቸው። ሦስተኛዋ የከብት ሐኪም ነበረች። ከውጭ ጠባቂውና አለቃው አሉ። ሌላ ሰው አልነበረም።

ሐኪሟ የበግ ጉበት የሚበላውን ትል ታጠና ነበር። ለዚህ ስትል ትሉ የሚያድርበትን ቀንድ አውጣ ከየረግረጉ ትለቅማለች፤ ካርታዋ ላይም ውሃ ያለበትን ሁሉ በቀይ ነጥብ አድርጋለች። የተያዘችው በዚሁ ካርታ ነው።

"ነጥቡ ለማን ነው?" አሏት የያዟት ሰዎች።

"ለትሉ" አለች። አላመኗትም።

አንድ ጧት የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ገልጣ አየችኝ። "በግ ላይ እንዲህ ነጥቶ ባየው ኖሮ ትል ደሟን ጨርሶታል እል ነበር።"

"እኔስ?"

"እርስዎንማ የጨረሰዎት ሐሳብ ነው።"

አለቃው "አርፈሽ ከተቀመጥሽ ነገ ትለቀቂያለሽ" ብሎኛል። ትንሿ ልጄ ጎረቤት ቀርታለች። ስለዚህ አርፌ ተቀምጫለሁ።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ ግቢው ውስጥ በሬ ታረደ። በበሩ ሽንቁር እናያለን። ጠባቂው ቆዳውን እየገፈፈ ይስቃል። "ትናንት ሲያርስ ውሎ ዛሬ ወደቀ። ሊሞት ሲል ነው የደረስንበት።"

ሐኪሟ ከሽንቁሩ አልተነሣችም። "ደሙ አልረጋም" አለች። እውነትም ጠቁሮ፣ እንደ ቅራሪ ቀጥኖ ይፈሳል።

"ዝም በይ ልጄ። የሚበሉት እነሱ ናቸው፤ ምን አገባሽ?" አሏት የከላላዋ እናት።

"አባ ሰንጋ ነው እናቴ። ሰውየው ደግሞ ጣቱን ቆርጦታል፤ አላዩም?"

በሩን መታች። "ወንድሜ፣ ቢላውን አስቀምጥ። እስቲ ጣፊያውን አሳየኝ።"

"ዶክተር ጣፊያ አማራት" ብሎ ሳቀ። ግን አነሣው። አብጧል፣ ጠቁሯል፣ በእጁ ላይ እንደ ጭቃ ፈረሰ። ሳቁን ተወና አለቃውን ጠራ።

አለቃው በሩን ከፍቶ ገባ። "ሰው ልታሸብሪ ነው?"

"ውሻ እንዳያወጣው በጥልቅ ቅበሩት። እሱም ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂድ።"

አለቃው ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ የገበሬ ሚስት ነሽ። እውነቷን ነው?"

አውቅ ነበር። የባሌ ወንድም የሞተው በዚሁ ነው። የወደቀች ላም አርዶ፣ ክንዱ ላይ እንደ ከሰል የጠቆረ ቁስል ወጣበት። የላሟም ደም አልረጋም ነበር። ሐኪሟ አየችኝ። እኔ ትንሿን ልጄን አሰብኩ።

"እኔ ምን አውቃለሁ ጌታዬ" አልኩ።

"አየሽ" አላት። ክንዷን ይዞ ወሰዳት። ጫማዋን እንኳ አላደረገችም። በሩ ላይ ዞር ብላ "እናንተ ብቻ እንዳትበሉት" አለች።

ቀትር ላይ ጠባቂው በሳህን ጥብስ አመጣልን። ከቆሎ ሌላ ከቀመስን ሰንብተናል። ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎታል።

የከላላዋ እናት "እኔስ የክርስቲያን ሥጋ አልበላም፤ ተገላገልኩ። አንቺስ?" አሉኝ።

"አልበላም" አልኩ። ከዚያ ጠባቂውን ቀና ብዬ አየሁት። "እውነቷን ነበር። አውቀዋለሁ። ሐኪም ቤት ሂድ።"

"ያኔ ለምን አላልሽም?"

ሳህኑን ትቶልን ወጣ።

የከላላዋ እናት "አብሽሪ፤ በይ ተነሺ" አሉኝ። በጣሳ ክዳን የመጋዘኑን ጥግ ስንቆፍር ዋልን። ክንድ ያህል ሲገባ ሥጋውን ሳንነካ ከነሳህኑ ቀበርነው። አፈሩን መልሰን በእግራችን ረገጥነው።

በማግስቱ ተለቀቅኩ። በር ላይ የቆመው ሌላ ጠባቂ ነበር። የፊተኛው የት እንደሄደ ለመጠየቅ ፈራሁ።

የሸሸው ልጄ እስካሁን አልመጣም። በጎቼ ይከሳሉ። እንደ እሷ የዓይናቸውን ቆብ እየገለጥኩ አያለሁ። ነጭ ነው። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚደረግ አላውቅም።

ሐኪሟ ቀጭን ናት፤ በግራ እጇ ትጽፋለች፤ ስትስቅ አፏን ትሸፍናለች። ጫማዋ እኔ ጋ ነው። ያለችበትን የምታውቁ ንገሩኝ። ካገኛችኋት ደግሞ፣ ሥጋውን አልበላንም በሏት። አውቅ እንደነበርም ንገሩልኝ።