የወደቀው ሰው ተራ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው፤ ወታደሩ ተበትኖ እኔም ወደ አገሬ ወደ መካነ ሰላም ተመልሼ ጥቂት ክረምት አርሻለሁ። የመጀመሪያ ልጄ ተወልዳ ነበር ወይስ ገና ነበረች ብትሉኝ እሱንም እንጃ። ግንቦት እንደነበር ግን አልጠራጠርም። በልግ ያራሰው አፈር ደርቆ ሊሰነጠቅ ሲል የሚሰጠው ሽታ አለ፤ ያንን ወር ሳስብ የሚመጣብኝ እሱ ነው።

ነገሩን ያስታወሰኝ ትንሹ ልጄ ነው። ለበዓል ከአዲስ አበባ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ ብሎ በስልኩ የጦርነት ጨዋታ ይጫወታል። አንዱ ሰው ተመትቶ ወደቀ፤ ወዲያው ብድግ ብሎ መሮጥ ጀመረ።

"ይሄ አሁን የሞተው አይደለም እንዴ?" አልኩት።

"ይነሳል እኮ አባዬ፤ ሕጉ ነው" አለኝ።

ሳቄ መጣ። እኛ የወደቀ ሰው ሕግ ጠፍቶን በሬ እስከ መለያየት ደርሰናል።

በዚያን ጊዜ ከገበያው ዝቅ ብሎ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ባለቤቷ ጅዳ ሠርታ የተመለሰች ሴት ስለነበረች ሁላችንም "የጅዳዋ" ነበር የምንላት። ሻይዋ ቅርንፉድ ይበዛበታል፤ ቦንቦሊኖዋ ከገበያ የሚመለሰውን ሁሉ ከመንገድ ይጠራል። ከደንበኞቿ አንዱ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ መምህር ነበር። ይህ ሰው ከተማሪነቱ ጀምሮ ያስቀመጠው አንድ የእንግሊዝኛ የጨዋታ መጽሐፍና ፊቱ ሁሉ ነጥብ ያለበት ዳይስ የሚሉት ጠጠር ነበረው።

ጨዋታው ገበጣ አይደለም፣ ዳማም አይደለም። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ይሆናል። መምህሩ ደግሞ ዳኛም ተራኪም ሆኖ "ገደል አፋፍ ደረሳችሁ፤ ምን ታደርጋላችሁ?" ይላል። ያሰብከውን ትናገራለህ፤ ይሳካልህ እንደሆነ ጠጠሩ ይወስናል። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ ፈረንጅ አገር ጎራዴና ዘንዶ ነው አሉ። መምህሩ ግን ወደኛ አገር አመጣልን፤ እኔና ሰይድ በአንዲት በቅሎ እህል ጭነን ዓባይን ተሻግረን ጎጃም የምንነግድ ባልንጀሮች ሆንን። እኔ አራት ክፍል እንኳ አልጨረስኩም፤ ሰይድ ቁርአን እንጂ ሌላ አልቀራም። ለዚህ ጨዋታ ግን ምላስና ልብ ይበቃል።

ሰይድ በእውነቱም ባልንጀራዬ ነበር። እኔ አንድ በሬ አለኝ፣ እሱም አንድ፤ የሱ ቡሬ፣ የኔ ዳለቻ። ሁለቱን አቀናጅተን አንድ ቀን የሱን ማሳ፣ አንድ ቀን የኔን እናርሳለን። መቀናጆ ማለት ይኸው ነው። አንድ በሬ ያለው ሰው ብቻውን ገበሬ አይባልም።

መጽሐፉ ስለ ውጊያ ብዙ ይላል፤ ማን ቀድሞ እንደሚመታ፣ ምቱ ስንት ጉልበት እንደሚወስድ። የማይለውም ብዙ ነው። ዱላ ቢሰበርስ? ሽፍታው የአገርህ ሰው ሆኖ ቢያውቅህስ? በቅሎዋ ብትደነብርስ? በየቀዳዳው እንሟገት ነበር። የኛ አገር ሰው ሙግት ይወዳል፤ የድንበር ጉዳይ ያለበት እንኳ ፍርድ ቤት ሊሄድ ወጥቶ እኛ ዘንድ ቆሞ ሲፈርድ ይውላል።

አንድ እሑድ ቁልቁለቱ ላይ ሽፍቶች ገጠሙን። ጠጠሩ ጠመመብኝና ጉልበቴ አለቀ።

"ወደቅህ" አለኝ መምህሩ። "ሰይድ፣ ያንተ ተራ ነው።"

ሰይድ ብዙም አላሰበ። "በቅሎዋን ይዤ እሄዳለሁ" አለ።

"እኔስ?"

"አንተማ ወድቀሃል።"

"ወድቄስ? ጥለኸኝ ልትሄድ ነው?"

"ወላሂ ይሄ ሰውዬ፤ ሞተሃል እኮ። የሞተ አይናገርም።"

መምህሩ መጽሐፉን ወዲያ ወዲህ ገለበጠ። የወደቀ ሰው ይሙት ይኑር አይልም፤ ጓደኛው ይሸከመው ይተወው አይልም። "መጽሐፉ ያልከለከለው የተፈቀደ ነው" ብሎ ፈረደ። እኔ ደግሞ መጽሐፉ ዝም ያለው ሰው የሆነ ሁሉ የሚያውቀው ስለሆነ ነው አልኩ። ባልንጀራህን መንገድ ላይ አትጥል ተብሎ ይጻፋል እንዴ? አንድ ሽማግሌ ከጥግ ሆነው "ለመሆኑ በቅሎዋ ምን አለች?" ብለው ቤቱን አሳቁት። ሰይድም ሳቀ። እኔ ግን የሱ ሳቅ ከሁሉ ይልቅ አንገበገበኝ። ተነስቼ ወጣሁ።

ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ ያን ጊዜ አልገባኝም። ወታደር ሳለሁ ሰሜን ላይ እግሬን ተመትቼ ወድቄ ነበር። አብረውኝ የነበሩት አለፉኝ፤ የማላውቃቸው ሰዎች አንስተውኝ ተረፍኩ። ይህን ለማንም አውርቼ አላውቅም ነበር፤ ለሰይድም ጭምር።

በማግስቱ ሞፈርና ቀንበሩ ተዘጋጅቶ ሳለ ዳለቻን ፈትቼ ወደ ቤቴ ነዳሁት። ሰይድ በሩቁ ቆሞ አየኝ፤ አልጠራኝም። ማሳዎቻችን ገና አንድ ጊዜ ብቻ ነው የታረሱት። ሰው ሁሉ በእርሻ ላይ ነው፣ በሬ የሚያውስ የለም። በምዕራብ በኩል ደመናው በየቀኑ ከፍ ይላል። ክረምቱ ከቀደመን ጤፍ የሚዘራበት መሬት የለንም፤ እኔም እሱም። ሚስቴ "ሽማግሌ ላክበት" ብትለኝ እንቢ አልኩ። ለሽማግሌ ምን ብዬ ልናገር? ሰይድ በጨዋታ ቁልቁለት ላይ ጥሎኝ ሄደ ልበል? ሰይድ ቤትም እንዲሁ ሆነው እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

በገበያ ቀን ጨው ልገዛ ወጥቼ ሳልፍ የጅዳዋ ከበራፏ ላይ ጠራችኝ።

"ና እስቲ፤ ከሻይዬም ተጣላህ?"

ገባሁ። ሰይድ ከውስጥ ተቀምጧል፤ መምህሩም አለ። ልወጣ ስል ቀድማ ብርጭቆ እጄ ላይ አኖረችብኝ። ሻይ ይዞ የሚሸሽ ሰው አይታችሁ አታውቁም። ከዚያ መምህሩን መጽሐፉን አስወጣችው።

"ያቺን ቦታ አንብብልኝ" አለችው።

አነበበላት፤ ጉልበቱ ያለቀ ሰው ይወድቃል፣ መምታትም መራመድም አይችልም።

"ይሞታል ይላል?"

"አይልም።"

"አይናገርም ይላል?"

መምህሩ ደግሞ አየና "እሱንም አይልም" አለ።

"እንግዲያው ለምን አልጠየቃችሁትም? ሰይድ ይሂድ ወይስ ይቅር እያላችሁ ሁላችሁ ስትጮኹ ነበር። አንድም ሰው ወደ ወደቀው ዞሮ አንተ ምን ትላለህ አላለውም። እኔ ጅዳ ታምሜ ወድቄ አውቃለሁ። ጓደኛዬ በር ላይ ቆማ ስታለቅስ ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ። ሳልጠየቅ ሄዳ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ይቅር አልላትም ነበር።" ወደኔ ዞረች። "በል፣ አሁን ተራው ያንተ ነው። በቅሎዋ የሁለታችሁን ቤት ምግብ ጭናለች። ሽፍታው እየመጣ ነው። ባልንጀራህ ቆሞ ያይሃል። ምን ትለዋለህ?"

መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ለኔ ግን አልነበረም። እዚያ ሰሜን ላይ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ ምን እል ነበር? ያኔ ነው ቁጣዬ በሰይድ ላይ እንዳልሆነ የገባኝ። ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ "ሂድ እለዋለሁ" አልኩ። "ልጆቹ ይብሉ። የኔንም ቤት አደራ።"

ሰይድ ራሱን ነቀነቀ። "አልሄድም" አለ።

"ሂድ አለህ እኮ" አለው መምህሩ።

"ሰማሁ። አልሄድም። ሳይናገር መሄድ ቀሎኝ ነበር፤ ድምፁን ከሰማሁ ወዲያስ እግሬ አይነሳም። በቅሎዋን እለቃታለሁ፤ እሱን እሸከማለሁ።"

ጠጠሩ ተጣለ። በቅሎዋን ከነጭነቷ ሽፍታ ወሰዳት። ሰይድ እኔን ተሸክሞ ከሰርን፤ ሽማግሌው ደግሞ "በቅሎዋ እንኳን አልተጠየቀች" አሉና ሁለታችንም ሳቅን።

በማግስቱ ማለዳ ዳለቻን ነድቼ ሰይድ ማሳ ደረስኩ። ይቅርታ አልተባባልንም። "ቡሬ ከግራ ይግባ" አለኝ፤ አስገባሁት። ክረምቱ ሲወርድ ዘሩ መሬት ውስጥ ነበር።

ዛሬ ሰይድ ከላላ ከተማ ልጁ ዘንድ ነው፤ ጉልበቱ ደክሟል፣ እንደኔው። በሕይወቴ ብዙ ሽምግልና ተቀምጫለሁ፤ የመሬት፣ የጋብቻ፣ የደምም ጭምር። ሕጉ ወይም ወጉ ዝም ያለበት ቦታ ላይ ስንደርስ አዋቂዎቹ እርስ በርስ ይከራከራሉ፤ እኔ ነገሩ የደረሰበትን ሰው ፈልጌ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ጥበብ ነው ይሉኛል። የኔ አይደለም። ያስተማረችኝን ሴት አገሩ ሁሉ የጅዳዋ እያለ ቀበራት፤ እኔ ግን እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም አውቃለሁ፤ ዘይነባ ነበር።