ጅብ የበላት ማኪና

አባቴ የጭነት ማኪና ሾፌር ነበር፤ ከጎንደር አስመራ ይመላለስ ነበር። አንድ ክረምት ሊማሊሞ ላይ ማኪናዋ ከመንገድ ስትወጣ ዘሎ ወረደ። ነፍሱ ተረፈች፤ ግራ ጉልበቱ ግን ደርቆ አልታጠፍ ብሎ ቀረ። ሰው ስለ አባቴ ሲጠይቀኝ ይህንኑ ሊማሊሞን እንዳወራለት ይፈልጋል። እኔ ያላየሁትን ምን ብዬ ላውራ? እኔ የማውቀው ከዚያ በኋላ ቁስቋም ቤታችን ደጃፍ ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ ነው።

እንዴት ያለ አስቸጋሪ ወጣው መሰላችሁ! ጠዋት በርጩማውን ይዞ ይወጣና የሚያልፈውን ማኪና ሁሉ ይሰድባል። "ማርሽ ቀይር እንጂ አንተ! ሞተሯን ገደልካት እኮ!" ሾፌሩ አይሰማው፤ የምንሰማው እኛ። ማኪና ሲጠፋ ደግሞ ወደ ወጡ ይዞራል፤ ጨው በዛ፣ በርበሬ አነሰ። ምነው ወጣ ብለህ ሰው አታይም ሲሉት "እግሬ" ይላል። ምነው ጋራዥ ሄደህ ከጓደኞችህ አትጫወትም? "እግሬ።"

እናቴ ግን አንድ ቀን ምስር እየለቀመች "እግሩ አይደለም" አለችኝ። "ፈርቷል። መሪ መያዝ ፈርቷል። ይኸ ፍርሃት ካልለቀቀው እዚች በርጩማ ላይ ይሞትብኛል።" ምስሩ ውስጥ እንባዋ ጠብ ጠብ ሲል አየሁ። ማታውኑ ለባሌ ነገርኩት።

ባሌ ፒያሳ ጋራዥ የሚሠራ መካኒክ ነው። ነገር ሲነግሩት መልስ አይሰጥም፤ ተነስቶ ይሄዳል። በሳምንቱ ጣሊያን ሲወጣ ጥሏት የሄደውን አንዲት ትንሽዬ ማኪና በበሬ አስጎትቶ እናቴ ግቢ አስገባ። አዘዞ አንድ ጓሮ ውስጥ ዶሮ ሲያድርባት ነው ያገኛት። በሯን፣ ጣሪያዋን፣ ክንፏን ሁሉ ገፎ ጣለ። ከዚያ በግራ እግር የሚረገጠውን ፍሪሲዮን ትቶ በግራ እጅ የሚሳብ ብረት አደረገላት፤ ብረቱን ወለቃ ያለ ቀጥቃጭ ነው የሠራለት። ለማን እንደሆነ ማንም አልተናገረም። አባቴ በርጩማውን ከደጅ ወደ ጓሮ አዞረ።

"ይቺ የምን ፌንጣ ናት?" አለ። ስሟ በዚያው ፌንጣ ሆኖ ቀረ።

ባሌ ሰውነቷን በቆርቆሮ ሊያለብሳት ሲነሳ አባቴ አላስቻለውም። "ምን ልታደርጋት ነው? ልታከብዳት? አልጋ ላይ ሰው የሚችለው ጠፍር እዚህ አቅቶት ነው?" አለና በከዘራው መሬቱ ላይ ይሥልለት ጀመር። ሥዕሉ እንዲህ ነው። ቀርቀሃ አጉብጦ ማሰር፤ በላዩ እንደ አልጋ በጠፍር መወጠር። መቀመጫዋም ጠፍር። ጊዜው የቅበላ ሰሞን ስለነበር የበሬ ቆዳ እንደ ጉድ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ አርዷል። ቆዳውን እርጥቡን ቀደድነው፤ እኔና ባሌ ጎተትን፤ አባቴ ተቀምጦ ተቆጣ። "አጥብቅ! አጥብቂ! እንደሱ ነው የሚወጠረው? እንቅልፍ ይዞሻል?" እጄ ተላጠ። ግን እውነቱን ልናገር፤ ሲቆጣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወጡን ረስቶታል።

በዚህ መሐል የድሮ የመንገድ ጓደኛው መጣ። ይኸ ሰው አሁን የታክሲ ባለቤት ነው፤ ወሬው ግን ገና ጭነት እንደጫነ ነው።

"አያ" አለው ፌንጣን ዞሮ አይቶ፣ "ይቺን የምትነዳት አንተ ነህ?"

"ብነዳትስ?"

"ከአዘዞ ተነስተን ፒያሳ ቀድመኸኝ ብትገባ ለዳግማይ ትንሣኤ በግ አርድልሃለሁ።"

"በፋሲካ ማግስት እንወዳደር!" አለ አባቴ ደሙ ፈልቶ። ሰውዬው እየሳቀ ወጣ። አባቴ ያለውን ያወቀው ኋላ ነው መሰለኝ፣ ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

ሁዳዴው እየተጋመሰ ሄደ። ባሌ ፌንጣን ፀዳ ሜዳ ላይ ወስዶ ይሞክራታል፤ ሸጋ ትሮጣለች። አባቴ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጠባትም። ሰበብ አያጣም። ጠፍሩ ይድረቅ፤ ጎማው ይነፋ። መጨረሻ ላይ ሰበቡ ክላክሱ ሆነ። ክላክሱ በእጅ የሚጨመቅ፣ ባለ ጎማ ጥሩምባ ነው።

"ስማ ልጄ" አለው ባሌን። "በግራ እጄ ፍሪሲዮን ልሳብ። በቀኜ መሪ ልያዝ፣ ማርሽ ልቀይር። ክላክሱን ማን ይንፋልኝ? ያለ ክላክስ የሚሄድ ሾፌር አይደለም፤ ገዳይ ነው።"

እናቴ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። "አየሽ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "አይነዳትም።"

ዝናብ ጣል ጣል ሲያደርግ ጠፍሩ እንዳይላላ ባሌ ሞራ ይቀባው ነበር። እናቴ ተንጨረጨረች። "በሁዳዴ! ሞራ! በግቢዬ!" አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ነው የምታልፈው። እሷ ያሰበችው ስለ ጾሟ ነው። ማናችንም ስለ ጅብ አላሰብንም። በሁዳዴ ከተማው እንደማያርድ፣ እኛ ስንጾም ጅቡም ወዶ ሳይሆን በግዱ እንደሚጾም የማያውቅ የጎንደር ሰው የለም። ሌላ ጊዜ ማታ ማታ ፌንጣን ከበሬዎቹ ጋር በረት እናስገባት ስለነበር ነው ጉዱ ያልመጣው። የቅዳሜ ሹር ለት ባሌ የመጨረሻውን ሞራ ለቀለቃትና ነፋስ ይምታት ብሎ ግቢው ውስጥ ትቷት፣ ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ሄድን። በሩ፣ እኔ እሱ የዘጋው መስሎኝ፣ እሱም እኔ የዘጋሁት መስሎት፣ ክፍቱን ቀረ።

ሲነጋ የሆነውን አየን። ጅቦቹ ከኛ ቀድመው ጾም ፈትተዋል! ጠፍር የለ፣ መቀመጫ የለ። ቀርቀሃው ተሰባብሮ ግቢው ሙሉ ተበትኗል። የቀረው ሞተሩ፣ አራት ጎማ፣ ክላክሱና ብረቱ ነው። የመሪው ቆዳ እንኳ ተግጧል። ባሌ መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። እኔ ያዘንኩት ለማኪናዋ አይደለም፤ አባቴ "በቃ፣ እግዜር አልወደደውም" ብሎ ወደ በርጩማው ሲመለስ ታየኝ።

አባቴ ፌንጣን በከዘራው እየነካካ ዞራት። እንደገና ዞራት። ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ። እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ እኔ ከሊማሊሞ ወዲህ ጥርሱን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

"እኛስ መቼ እንዲህ እናቀልላት ነበር!" አለ። "አንቺ፣ ጭድ በጆንያ ሙይልኝ።"

"ለምን?" አለች እናቴ።

"በምን ላይ ልቀመጥ ታዲያ?"

በማግስቱ እኔና እናቴ ፒያሳ ቆመን ጠበቅን። ባሌ ሊያስጀምራቸው አዘዞ ወርዷል። ፋሲካ የበላ ሰው ሁሉ መንገድ ዳር ወጥቷል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። ሞተር ሰማን። ከዚያ ታየ፤ ጆንያ ላይ የተቀመጠ፣ ጋቢውን ወገቡ ላይ የጠመጠመ፣ የደረቀ እግሩን ወደፊት የዘረጋ ሰው፣ ከሥሩ አራት ጎማ ብቻ! ክላክስ መንፊያ እጅ ስለሌለው በአፉ ነው የሚጮኸው። "ዞር በሉ! ዞር በል አንተ!" ታክሲው ከኋላው አቧራ ይጠጣል። ሰዉ እልል አለ። እናቴም እልል ልትል አፏን ስትከፍት አባቴ በፊታችን ሽው ብሎ አለፈ። አልቆመም። ወደ ደባርቅ መንገድ ታጠፈና ጠፋ።

"ፍሬኑ ተበጥሶ ነው!" ብሎ ጮኸ ባለታክሲው ሲደርስ። ባሌ አጠገቡ ተቀምጦ አመድ መስሏል። እኔና እናቴ ኋላ ገብተን ተከተልነው። እናቴ መንገዱን ሙሉ "እመቤቴ፣ እመቤቴ" ትላለች። በየመንደሩ ስንጠይቅ "አዎ፣ አንዲት ራቁቷን የሆነች ማኪና አልፋለች" ይሉናል፣ እየሳቁ።

ኮሶዬ ደረስን። ፌንጣ አፋፉ ላይ ተስተካክላ ቆማለች። አባቴ መንገድ ዳር ካለችው ምግብ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ጥብስ ይበላል፤ ጠላው አጠገቡ አለ። ፊቱ በአቧራ ነጭ ሆኗል።

"ፍሬኑ ነው?" አለች እናቴ።

"ፍሬኑማ ሸጋ ይሠራል።"

"ታዲያ ምነው ሳይቆሙ? ነፍሴን አወጧት እኮ አንቱ ሰው!"

አባቴ ጉርሻውን ውጦ ቀና ብሎ አያት። "እስካሁን የቆምኩት አይበቃም?" አለ።

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ የፊቱን አቧራ ጠረገችለት፣ በሰው ፊት! በሕይወቷ አድርጋው አታውቅም። ባለታክሲው ፊቱን አዞረ፤ ስለ በጉ ነገር ማጉረምረም ጀመረ።

ልንመለስ ስንነሳ እናቴ ታክሲው ውስጥ አልገባም አለች። ያን ሁሉ ዘመን ጭነት ሲነዳ አንድ ቀን አብራው ተቀምጣ የማታውቅ ሴትዮ፣ "ጠጋ ይበሉ" ብላ ጆንያው ላይ ወጣች። "ክላክሱ የቱ ነው?" ስትለው ሰማሁ።

እኛ በታክሲው ከኋላ ከኋላቸው ወረድን። ከኮሶዬ እስከ ቁስቋም ሰው ባለበትም በሌለበትም፣ በላምም በፍየልም ላይ ስትነፋው ዋለች።