ከሰው የበዛ ጫማ

ያሳሰረኝ አፌ ነው። እግሬ ምንም አላጠፋም፤ ኋላ ግን ያዳነን እሱ ሆነ።

ነገሩ የተጀመረው በቀበሌያችን ስብሰባ ላይ ነው። መድረኩ ላይ የፓርቲውን ኮፍያ ያደረገች አንዲት ወይዘሮ ጭብጨባ ታስጀምራለች፤ እኛ እንከተላለን። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ ሲባል ተነሣሁና፣ «ማጨብጨቡ ግዴታ ነው ወይስ እጁ የበረደው ብቻ ነው?» አልሁ። አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እኔም ሽማግሌነቴን ረስቼ፣ እንደ ጎረምሳ ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥሁ። ወራት አለፉ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ቀልዴን ያልረሳ ሰው እንዳለ ያን ጊዜ ገባኝ። ደራሲ ብሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ታማኝ አንባቢ አላገኝም ነበር።

የወሰዱኝ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ሐይቁ ጠርዝ ላይ ወደቆመ የዓሣ መጋዘን ነው። በሩ የሚከፈተው ወደ ውኃው ነው። ዓሣው ከሄደ ዓመታት ሆኖታል፤ ሽታው ግን አልሄደም። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ሰው አልነበረም፤ ጫማ ነበር። ግድግዳውን ተከትሎ የተሰለፈ ሸራ ጫማ፣ ነጠላ ጫማ፣ በረባሶ። ባለቤቶቹ ከወዲያ ጨለማው ውስጥ ናቸው፤ ትንፋሻቸው ይሰማል እንጂ አይታዩም።

«ጫማዎን ያውልቁ፤ እዚህ ዳዊት ይደገማል» አለኝ አንድ ድምፅ።

ድምፁ ከሐይቁ ደሴቶች ባንዱ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ የአንድ መርጌታ ነው። ስኳር አለባቸው። የግራ እግራቸው ቆስሎ አብጦ ጫማ አልገባ ስላላቸው፣ የጫማውን አፍ በምላጭ ሰንጥቀውታል። ሐኪም ይጠራላቸው ብለን በለመንን ቁጥር ጠባቂዎቹ የሚሰጡን መልስ አንድ ነው፦ «እሳቸው እዚህ የሉም። የሌለ ሰው እንዴት ይታከማል?» ቤተሰቦቻቸው ፍለጋ ሲመጡም የሚነገራቸው ይኸው ነው። እኔም የለሁም። እግሩ ግን፣ የለም በተባለው ሰው ላይ፣ በየቀኑ ይጠቁራል።

አንድ ቀን «ነገ ከሰብዓዊ መብት ኮሚሽን እንግዳ ይመጣል» ተባለ። ማን እንደሆነች ስንሰማ ሳቅ አፈነኝ። ያች ጭብጨባ አስጀማሪ! በዚያው ሰሞን ነበር አሉ የተሾመችው።

«አለቀልን» አለ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ የሚያስተምር አንድ ወጣት መምህር። «የሾማትን ነው የምታገለግለው። ኮፍያ ማውለቅ እኮ ጭንቅላት መቀየር አይደለም።»

«ምናልባት ያኔ እጇ በርዷት ይሆናል» አልሁ።

«እርስዎ ደግሞ! እየቀለዱ ገቡ፣ እየቀለዱ ሊሞቱ ነው።»

መርጌታ እግራቸውን እያሻሹ፣ «ትምጣና ትይ። ዓይን የፓርቲ አይደለም» አሉ።

«ዓይንማ ያያል መርጌታ። የሚታየውን የሚመርጥለት ሌላ ሆኖ ነው እንጂ።»

መምህሩ እውነት ነበረው። ጎህ ሲቀድ በሩ ተከፈተና ለዓይን የሚሆነውን መረጡ። መምህሩንና ደህና መልክ ያላቸውን ሁለት ሌሎች «እናንተ ቆዩ» አሏቸው። መርጌታን፣ እኔንና የቀሩትን «ውጡ!» አሉን። መልኬ ለእንግዳ እንደማይሆን እናቴም ነግራኝ ነበር።

በበሩ በኩል ጀልባ ታየኝ። ጫማዬን ላነሣ ጎንበስ እንዳልሁ አንድ ነገር ውልብ አለብኝ፤ ባዶ እጄን ቀና አልሁ።

«ጫማዎስ አባባ?» አለ ጠባቂው። የገጠር ልጅ ነው።

«ይህ ሁሉ ገዳም ያለበት ሐይቅ አይደል? በባዶ እግሬ ይሻለኛል ልጄ።»

«ደግ አሉ» አለ። እሱ ራሱ ሊያወልቅ ምንም አልቀረው። መርጌታ አዩኝ፤ ከዚያ የተሰነጠቀ ጫማቸውን ተራምደው አለፉ። የቀሩትም ተከተሉ። ጫማው በየቀኑ እዚያው ስለሚቆም፣ ጠባቂዎቹ ከግድግዳው ለይተው ማየት ትተዋል።

ጉሙ ሐይቁን ውጦታል። ጥቂት ሄደን ሞተሩ ጠፋ። ጀልባዋን ውኃው ላይ ከበቀለ አንድ የደንገል ቁጥቋጦ ጋር አሰሯትና እኛን በድንኳን ሸራ ሸፈኑን። ከላያችን ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጠባቂዎች ቆመዋል። «ትንፍሽ ያለ…» አለ አንዱ፤ አልጨረሰውም። እኔ ደግሞ መዋኘት አልችልም። ሐይቅ ዳር ተወልጄ ውኃ ስፈራ ኖርሁ፤ ስብሰባ ብፈራ ይሻለኝ ነበር።

ደንገሉ ውስጥ ጉማሬ ተነፈሰ፤ ልክ እንደታመመ ሰው። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማን። ውኃ ድምፅ ይሸከማል። ንግግሩ ከጆሯችን ሥር ሆነ፤ ዙሪያውን ግን ነጭ ባዶ ነው።

«እነዚህ ብቻ ናቸው?» የሴት ድምፅ ነው፤ የማውቀው ድምፅ።

«እነዚህ ብቻ» አለ የእስር ቤቱ ኃላፊ።

«ሌላ ሰው የለም?»

«የለም።»

ከሸራው ሥር ሆዴን ዳሰስሁ። አለ። ግን ምን ይዋሻል፣ ለአፍታ ተጠራጥሬ ነበር። አለመኖሬን ሰው በረጋ ድምፅ ሲናገር ስሰማ፣ የራሴ ለቅሶ ላይ የተቀመጥሁ መሰለኝ። የመርጌታ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለውም።

ቆይቶ፣ «ሰዎቹ ሦስት ናቸው። ይህ ሁሉ ጫማ የማን ነው?» አለች።

«የተፈቱ ሰዎች ትተውት የሄዱት ነው» አለ ኃላፊው።

«በባዶ እግራቸው ነው የፈታችኋቸው?»

ከሸራው ሥር አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ። ጠባቂው ረገጠው። እኔ ነበርሁ።

«ይሄኛው በምላጭ ተሰንጥቋል። ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ መግል ነው። ይህ ሰው ታሟል። የት ነው ያለው?»

የኃላፊው ድምፅ ለሰለሰ። «አንቺ እኮ የኛው ሰው ነሽ። ስንት ስብሰባ አብረን ተቀምጠናል! ዛሬ ምን ሆነሻል?»

«የናንተ ሰው ስለመሰልኳችሁ ነው ያስገባችሁኝ። አሁን ግን ጫማውን አይቻለሁ።»

«እንኪ ስልኩን። ከላይ ናቸው።»

«አቤት» ስትል ሰማን። «አዎ… ገብቶኛል… ገብቶኛል ጌታዬ። ባለጫማዎቹ ሳይመጡ ግን አልሄድም።» ከዚያ ወንበር በድንጋይ ላይ ሲጎተት ተሰማ።

ፀሐይ ስትበረታ ጉሙ ሳሳ። ሩቅ ያለን መስሎን ነበር። ጀልባዋ የታሰረችበት ደንገል ግን ሥሩ ተነቅሎ ኖሯል፤ ነፋሱ ማንም ሳያውቅ፣ ቀስ እያደረገ ወደ ዳር መልሶናል። ሸራውን በጣቴ ገለጥ ባደርግ፣ መጋዘኑ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስበት ነው። ወይዘሮዋ ደጁ ላይ ተቀምጣለች፤ የመርጌታ ጫማ ጭኗ ላይ ነው። ጀርባውን ለሐይቁ የሰጠው ኃላፊ ፊቷን አየና ዞረ። ሁላችንም ተፋጠጥን።

«ስማችሁን ንገሩኝ!» ብላ ጮኸች።

«እንዳትነቃነቁ!» አለ ጠባቂው።

ቆምሁ። ጀልባዋ ተናጠች። ውኃውን ሳላይ ስሜን፣ ያባቴን ስም፣ ያያቴንም ስም ጮክ ብዬ ተናገርሁ። መርጌታ ትከሻዬን ተደግፈው በባዶ እግራቸው ተነሡና የክርስትና ስማቸውን ሳይቀር ጨምረው ተናገሩ። ከዚያ ሌሎቹ አንድ በአንድ ቆሙ።

ጠባቂዎቹ ምርጫ አጥተው ጀልባዋን ገፏት፤ ዳር ስንደርስ ወይዘሮዋ ጎንበስ ብላ ጫማውን ከመርጌታ እግር ሥር አኖረች። «ተይ ልጄ» አሏት። ቀና ስትል ከእኔ ጋር ተያየን።

«እርስዎ የጭብጨባው ሰውዬ ነዎት» አለችኝ።

«ዛሬስ እውነትም በርዶኛል» አልሁ። አሁንም አልሳቀችም።

መርጌታ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ተወሰዱ። ሁለት የእግር ጣታቸው ተቆረጠ፤ እሳቸው ተረፉ። እኛንም ከዚያ ወዲያ «የሉም» ለማለት አልተመቸም፤ ቆይተው ለቀቁን። እሷ ግን ከቦታዋ ተነሥታ ራቅ ወዳለ አገር ተዛወረች አሉ።

መምህሩ እስከ ዛሬ ባገኘኝ ቁጥር ይከራከረኛል። «አዩ? የሚሾማትና የሚሽራት አንድ እጅ ከሆነ፣ ነፃነቷ ምኑ ላይ ነው?» ይለኛል። «ያን ቀን ግን ተቀምጣ ነበር» እለዋለሁ። «አንድ ቀን እኮ ነው!» ይላል። «መርጌታን ጠይቃቸው» እለዋለሁ።

ከእኛ በኋላ እዚያ የቆየ አንድ ሰው እንደነገረኝ፣ አሁን እንግዳ ይመጣል ሲባል መጀመሪያ የሚሰበሰበው ጫማ ነው። ተምረዋል።

እኔም ቤቴ ስገባ ጫማዬን ደጅ ትቼ ነው። ባለቤቴ «ሌባ ይወስደዋል፣ አንተ ሞኝ ሽማግሌ» ትላለች። ይውሰደው። እስኪወስደው ድረስ በደጄ የሚያልፍ ሁሉ ውስጥ ሰው እንዳለ ይይ። ጉም ከሐይቁ ተነሥቶ መንደሩን በሸፈነበት ጠዋት ደግሞ፣ ቁርሴን ሳልቀምስ በሩን ገርበብ አድርጌ አየዋለሁ። ጫማው አለ። እንግዲያው እኔም አለሁ።