ጃፓኗን ያወጣት ባና

ቢሯችን ውስጥ የመኪና ወሬ ከተነሣ ሹፌራችንን ዘሪሁንን የሚያስቆመው የለም። በተለይ ስለዚያ የጃፓን ፋብሪካ ሲያወራ የደብሩን ታቦት ተአምር የሚመሰክር ነው የሚመስለው። የፋብሪካውን ስም እኔ አልጠራም። የሚያሞግሰው አላጣም፤ ደግሞም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በረሃውን በሉት ተራራውን፣ የእርዳታ ሠራተኛውን በሉት ሚኒስትሩን፣ በዚህ አገር አርማው ያልደረሰበት የለም። ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ዘሪሁን የቢሮውን መኪና ቦኔት ከፍቶ "እቺ እኮ ዳገት አትል፣ ጭቃ አትል፤ የትም አትቆምም" ሲል የጋለ ዘይት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሥቼ ሄድኩ። "ምን አድርጌ አስቀየምኳት?" ብሎ ጠየቀ አሉ።

ምንም አላስቀየመኝም። ልጅ እያለሁ እኔም እንደሱ ነበርኩ።

ያደግሁት መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ ዳር ባለች መንደር ነው። ድሮ ወደ እኛ የሚመጣ ባለሥልጣን መኪናውን ዳገቱ ሥር አቁሞ ቀሪውን በበቅሎ ነበር የሚወጣው። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ግን የአውራጃው ካድሬ ሸራ የለበሰች የጃፓን መኪና ይዞ እስከ ደጃችን ይደርስ ጀመር። ሰዉ ስም አላስቸገረውም፤ "ጃፓኗ" አላት። ድምፅዋ ከታች ሲሰማ ከቤት የሚቀር ልጅ አልነበረም። ካለፈች በኋላ ጎማዋ ጭቃው ላይ የተወውን ጥለት በጣታችን እንከተላለን፤ የቤንዚኗ ሽታ ሳይጠፋ አየሩን እየሳብን "ሸተተኝ፣ አንቺንስ?" እንባባላለን። ከእርጥብ አፈር መኪና ሠርተን ፀሐይ ላይ እናደርቃለን፤ የሁሉም ልጅ መኪና ጃፓኗ ነበረች። መምህራችን ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ ብለው ሲጠይቁ እኔ ተነሥቼ "የጃፓኗ ሹፌር" አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

አባባ የምላቸው ያባቴን አባት ነው፤ ተክለወልድ ይባላሉ። ቤት ሲሆኑ ሸማኔ ነበሩ። ሚስታቸው እማማ የፈተሉትን የበግ ጠጉር ይሸምናሉ፤ እሳቸው የሠሩት ባና ብርድ አያስገባም ይባል ነበር። ከቤት ሲወጡ ደግሞ የጓሳ ጠባቂ ናቸው። ጓሳ ላላወቀው ሰው ሣር ነው። ለእኛ የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ጀርባ ላይ የሚጣል ገሳ ነው። ሣሩ እስኪበቃ ለዓመታት ይዘጋል። የሚከፈትበትን ቀን ሽማግሌዎች ተማክረው በገበያና በቤተ ክርስቲያን ያስነግራሉ፤ ከዚያ በፊት ማጭድ ያስገባ ሰው ወዮለት። አባባን አገሩ የመረጣቸው ይህን እንዲጠብቁ ነበር፤ በዚህ ነገር ዘመድ አያውቁም። የገዛ ቤታችን ጣራ ያፈስ ነበር። ክረምት ሲገባ እናቴ በየጥጉ ድስትና ቅል ስትደረድር እማማ ይመርራቸዋል።

"የጓሳ ዳኛ ቤቱ ሲያንጠባጥብ ሰው ምን ይለናል? ምነው አንድ ሸክም ቢያመጡ?"

"እኔ አንድ ሸክም ካመጣሁ አገሩ ሺህ ሸክም ያመጣል" ይሉና አባባ ወደ ሽመናቸው ይመለሳሉ። እማማ "ኤዲያ!" ብለው ድስቱን ያንቀሳቅሳሉ።

መሬት የሕዝብ ሆነ ከተባለ በኋላ ካድሬው ሰው ሰብስቦ፣ የጓሳ ጠባቂነት የፊውዳል ቅሪት ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል አለ። ሰዉ አጨበጨበ። በማግሥቱ ግን ማጭድ ይዞ የወጣ አልነበረም። አባባን መንገድ ላይ ያገኛቸው ሁሉ እንደ ወትሮው ከበቅሎው ይወርድላቸዋል፣ ሣሩ መቼ ይደርሳል ብሎ ይጠይቃቸዋል። ካድሬው ይህን ያውቅ ነበር። ማወቁንም አባባ ያውቁ ነበር።

ያን ቀን በጋ ነው። ካድሬው ከሁለት ታጣቂዎቹ ጋር ወደ ራቤል ከተማ ለመሄድ መንደራችን ደረሰና በሸንተረሩ መዞር ታከተው፤ በጓሳው መሐል አቋርጠን እንለፍ አለ። አባባ አጥሩ ጋ ቆመው ይሰማሉ። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ፤ ዐይኔ ከመኪናዋ ላይ አልተነሣም።

"ልጄ፣ ሣሩ አያታልልህ" አሉት። "ሥሩ ውሃ ነው። በበጋ እንኳ በሬ በዚያ አናሳልፍም። በሸንተረሩ ዙሩ።"

ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሳቀ። "አባቴ፣ እቺ እኮ የጃፓን ናት። ዝንጀሮ የወጣበት ሁሉ ትወጣለች!"

"ዝንጀሮስ ረግረግ አይገባም" አሉ አባባ።

በዙሪያው የቆመው ሰው ሳቀ፤ ሹፌሩም ራሱ ሳቀ። ካድሬው አልሳቀም። "ንዳው" አለ።

ብዙም አልሄዱም። ከመንደሩ በሚታይ ቦታ ጃፓኗ ዘንበል አለች፤ ሹፌሩ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ጎማው የገዛ ጉድጓዱን ሲቆፍር ቆይቶ በመጨረሻ ሆዷ ጭቃው ላይ ተኛ። በመኪናዋ አልፈርድም። መንገድ ያልሆነውን መንገድ ነው ያላት ሰው ነው። እኛ ልጆች ግን ማመን አቃተን፤ እኔማ አለቀስኩ። ካድሬው ሕዝቡ ይውጣ ብሎ ላከ፤ ሕዝቡም ወጣ። በግዴታ ብቻ አልወጣም፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። መንገድ ላይ የተያዘ እንግዳን ዐይቶ ማለፍ በእኛ አገር ነውር ነው። ወንዶቹ ዶማና ጠፍር ይዘው፣ ሴቶቹ ጠላ ተሸክመው፣ እኛም ከኋላ ከኋላ እየሮጥን ደረስን። ተቆፈረ፣ ጠፍር ታሰረ፣ "ሆ!" እየተባለ ተጎተተ። ጎማው ጭቃ እየረጨ ባለበት ይዞራል።

"ከሥሩ የሚነጠፍ ነገር ካልተገኘ አትወጣም" አለ ሹፌሩ፤ ኩራቱ ሁሉ ጠፍቶ ነበር። ጓሳ ላይ ደግሞ እንጨት የሚባል ነገር የለም።

"ሣሩን እጨዱና አንጥፉ" አለ ካድሬው።

ማጭድ የያዙ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ካድሬውን አላዩትም፤ ዘወር ብለው አባባን አዩ። እስከ ዛሬ ሳስበው ካድሬውን ያንገበገበው ሌላ አይደለም፤ ያቺ አንዲት እይታ ናት።

"ጓሳ አልተከፈተም" አሉ አባባ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

"አባት፣ ይህ የመንግሥት መኪና ነው!"

"ትውጣ እንጂ ልጄ። እኛም ልናወጣት ነው የመጣነው። ሣሩ ግን አይታጨድም።"

ይህን ብለው ባናቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። አዲስ ነበር። እማማ ክረምቱን ሙሉ የፈተሉት፣ እሳቸው በጋው ሲገባ ከሽመናው ያወረዱት ነው። ለሁለት አጠፉት፤ ጎንበስ ብለው ከኋላ ጎማዋ ሥር አነጠፉት። ከዚያ አባቴ የራሱን አወረደ። ቀጥሎ ጎረቤታችን፣ ቀጥሎ ሌላው። የጓሳን ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የመንዝ ሰው ባናውን የሚያወልቀው ለመኝታው ወይም ለሬሳው ነው። ሹፌሩ ነዳጅ ሰጠ። ጠጉሩ ጎማው ላይ ተጠመጠመ፣ ተቀደደ፣ ከዚያ ያዘ። ወንዶቹ ጠፍሩን ሳቡ፤ ጃፓኗ አጉረመረመችና ወጣች። እልል ተባለ። እኔም ዘለልኩ። አባባ ጭቃ የረጨውን ፊታቸውን እየጠረጉ ይስቁ ነበር።

ካድሬው ጫማውን ሣሩ ላይ ጠረገና ታጣቂዎቹን "ተክለወልድን አምጡት" አላቸው። አንቱታው ቀርቶ ነበር።

አባቴ መጀመሪያ በትክክል የሰማ አልመሰለውም። "ጌታዬ፣ መኪናዋ እኮ ወጣች" አለው።

"ለአብዮት ሣር የነፈገ አድኃሪ ነው። መውጣቷ አይደለም ጉዳዩ።"

አባባን ከኋላ፣ ሸራው ሥር አስገቧቸው። በእጀ ጠባባቸው ብቻ ነበሩ። እናቴ "ባናቸውን እንኳ ላልብሳቸው" ብላ ከጭቃው ስትጎትት ግማሹ ተቀዶ እጇ ላይ ቀረ፤ የጠበቃት የለም። ጃፓኗ ዞራ በሸንተረሩ በኩል ሄደች፤ ጠዋት አባባ በሱ ሂዱ ባሏቸው መንገድ። እኔ ጉብታው ላይ ቆሜ እመብርሃንን ለመንኳት። አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንኩት፦ መኪናዋ እንድትሰበር። ዳገቱ ላይ ትቁም፣ ጎማዋ ይፈንዳ፣ ሞተሯ ይሙት፣ አባባ ወርደው በእግራቸው ይመለሱ። አልቆመችም። እንደ ዝናዋ ሆነች። ሸንተረሩን ተሻግራ እስክትሰወር አንዴ እንኳ አላሳለችም። ያን ዝና የጠላሁት ያኔ ነው።

በዚያው ሰሞን ካድሬው ጓሳ ተከፍቷል ብሎ አስነገረ። መጀመሪያ ማንም አልወጣም። ከዚያ አንድ ሰው ወጣ፤ እሱ ካጨደ እኔ ምን ቆርጦኝ እቀራለሁ ተባለና አገሩ ሁሉ ወጣ። ሣሩ ገና ለጋ ነበር። አባቴም አጨደ። ይህን ስጽፍ አባቴን ልኮንነው አይደለም፤ ክረምት እየመጣ ነበር፣ ልጆች ነበሩት። ቤታችን ማፍሰሱን አቆመ። እማማ በደረቁ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ያለቅሳሉ።

አባባ የተፈቱት ክረምቱ ሲያልቅ ነው። በእግራቸው መጡ፤ ሳል ይዟቸው፣ ከስተው። እናቴ እግራቸውን ልታጥብ ስትጎነበስ እሳቸው ቀና ብለው ክዳኑን አዩ። የዚያን ዕለት መኝታቸውን አንሥተው ከበጎቹ ጋር በረት ውስጥ ተኙ፤ ከዚያም በኋላ እስኪሞቱ እዚያው ነበሩ። ብዙም አልቆዩም። ሽመናቸውን አልነኩትም፤ ወደ ጓሳም ዐይናቸውን አላነሡም።

ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ስለዚያ ፋብሪካ አነበብኩ። ዘሪሁን ሳያየኝ ነው የማነበው። መነሻቸው ለካ መኪና አይደለም፣ ሽመና ነው። የመሥራቹ አባት ቀን ከሌት የሽመና መሣሪያ ሲያሻሽል የኖረ ሰው ነው፤ የመኪናው ሥራ የተጀመረው ከዚያ ከሽመናው ፋብሪካ ጎን ነው። አገራቸው በጦርነት አመድ ከሆነ በኋላ ፋብሪካው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ተነሣ፤ ተራራ የምትወጣ መኪና ሠርተው ስማቸው ዓለምን ዞረ። እኔ በዚህ አልቀናም፤ ሠርተው ያገኙት ነው። አባባ ቢሰሙ ኖሮ "ሸማኔ ናቸው በይኛ!" ብለው ደስ ይላቸው ነበር። የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ያ ሹፌር በየደረሰበት ጠላ ቤት "ጓሳ ረግረግ ውስጥ ገብታ ራሷ ወጣች" እያለ ሲያወራ መኖሩን ሰማን። ሰውም አመነው። በመኪናዋ ዝና ላይ አንድ ታሪክ ተጨመረ፤ ታሪኩ ውስጥ ጠፍርም፣ ባናም፣ ተክለወልድም የለም።

ባለፈው ኅዳር ለሥራ ከዘሪሁን ጋር ወደዚያው አገር ወጣን። ጓሳ ዛሬ የተከበረ ቦታ ሆኗል፤ ሣሩ ተመልሶ እንደ ድሮው ንፋስ ይተኛበታል፣ የውጭ አገር ሰው ከባሕር ማዶ መጥቶ ያየዋል። ዘሪሁን ከመንገዱ ወጣ ብሎ ሣሩ ላይ ሊያቆም ሲል አንድ ካፖርት የለበሰ ወጣት ጠባቂ እጁን አነሣ። "ወንድሜ፣ ወደ ሣሩ መግባት ክልክል ነው" አለ፤ በቃ። ዘሪሁን ይቅርታ ጠይቆ ወደ ኋላ መለሳት። አያቴ የታሰሩበት ቃል ዛሬ ደመወዝ ይከፈልበታል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ወረድኩና ይህን ሕግ ማን አወጣው ብዬ ጠየቅሁት።

"ከድሮ ነው እናቴ። ጥንት የሚጠብቁ አባቶች ነበሩ ይባላል።"

"አንዱ ተክለወልድ ይባላሉ" አልኩት። "በዚህ ሣር ምክንያት ታስረዋል።"

"እሺ እናቴ" አለኝ በትሕትና። ከዚያ ወደ መኪናው ሄዶ ቦኔቱን በመዳፉ ዳሰሰና ለዘሪሁን የየትኛው ዓመት ሥሪት እንደሆነች፣ ከአሮጌዋ በምን እንደምትለይ፣ ሞተሯ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል እሱ ራሱ ይነግረው ጀመር። አንድም አልሳተም። ዘሪሁን ወዳጅ አግኝቶ ፊቱ በራ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። በእግሬ ልመለስ ብዬም ነበር፤ የት እንደምደርስ እንጃ። ንፋሱ አጥንት ይሰብራል፣ ነጠላ ብቻ ነበር የደረብኩት። መኪናው ውስጥ ደግሞ ይሞቃል። ገባሁ።